ፖርቶ ሁለት ቀን አለኝ፤ ከተማው ይሻላል ወይስ የወይኑ አገር?

የሳቢያን ልጅ፦ ሰላም ናችሁ። ለሥራ ፖርቱጋል እሄዳለሁ፤ ፖርቶ ላይ ሁለት ቀን ይተርፈኛል። ወይኑ የሚበቅልበት ሸለቆ መሄድ ያዋጣል? ተራራ ለማየት ከሆነ ደንገጎን በየሳምንቱ እወጣዋለሁ።

ከዚራ፦ አቦ፣ አንድ አንድ ቀን አካፍለው! እዚያ ተምሬያለሁ። ወንዙ ዶሩ ይባላል። እኔ ዶሮ እያልኩ ስንቱን ሐበሻ አስቄያለሁ።

መጀመሪያ ሳን ቤንቶ ባቡር ጣቢያ ግባ። የአዳራሹ ግድግዳ 20,000 ገደማ በሚሆን ሥዕል ያለበት የሸክላ ጡብ ተለብጧል፤ አብዛኛው ሰማያዊና ነጭ ነው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝና ጣቢያ ስገባ ቀድሜ የማየው ሰዓት ነው። እዚያ ግን ግድግዳው ላይ የተሳሉትን ፈረሰኞች ሳይ ፈዝዤ ባቡሩ አመለጠኝ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1886 የተከፈተውን የብረት ድልድይ በላይኛው ወለል ተሻገር። ማዶው ጋያ ነው። ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ የሚለያቸውን ከዚራና መጋላ በለው፤ ልዩነቱ ደቻቱ አሸዋ ነው፣ ዶሩ ጀልባ ይሸከማል። የወይኑ መጋዘኖች ጋያ ናቸው። ድሮ በርሜሉን ከላይ የሚያወርዱት ራቤሎ የሚባሉ ጀልባዎች ዛሬ ዳር ታስረው ፎቶ ይነሳባቸዋል።

ወይኑ ፈልቶ ሳይጨርስ ከወይን የወጣ አረቄ ይጨምሩበታል። መፍላቱ ይቆማል፣ ስኳሩ ይቀራል። አፍህ ላይ ብርዝ ነው፤ አልኮሉ ግን 20 በመቶ ገደማ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ቁጭ ብለህ ጠጣ።

ጀጎል፦ እኔ አልጠጣም፤ ግን ሸለቆውን አትለፈው ወንድሜ። ባቡር ይዘህ ፒኛው ውረድ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ዳገቱ ከላይ እስከ ታች እርከን ነው፤ ብዙው ያለ ጭቃ የተካበ ድንጋይ። የእኛ ቡናና ጫት ያለበትን ዳገት አስታወሰኝ። ካቡን ጠጋ ብዬ ነካሁት፤ ድንጋዩ እንደ ሰሌዳ ስስ ነው፣ ወይኑ ከስንጥቁ መሀል ሥር ይሰዳል። መንግሥት የወይኑን መሬት የከለለው እ.ኤ.አ. በ1756 ነው። ዩኔስኮም መዝግቦታል፣ እንደ ጀጎላችን።

የሳቢያን ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ባቡሩ ላይ የት ልቀመጥ?

ከዚራ፦ ስትሄድ በቀኝ፣ ስትመለስ በግራ። ያን ቀን በሚቀጥለው ባቡር ሮጬ ገብቼ በግራ ተቀመጥኩ። ፒኛው እስክደርስ ድንጋይ ሳይ ዋልኩ።