ስለ ጆርጅ ፎርማን ሕይወትና እምነት ተውኔት፦ የቡጢ ትዕይንቶቹን እንዴት እንሥራ?

ሳሮን ዘፒያሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ያለው የወጣቶች ቴአትር ቡድናችን ስለ ከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ጆርጅ ፎርማን ሕይወትና እምነት የ90 ደቂቃ ተውኔት እያዘጋጀ ነው። መድረኩ ትንሽ ነው፤ ወርዱ 7 ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሜትር። ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፣ ቦክስ ግን አያውቁም። የትኞቹን ግጥሚያዎች እናሳይ? ማንም ሳይጎዳ ቡጢው እውነት እንዲመስል ምን እናድርግ? ጌታን ያገኘበት የመልበሻ ክፍል ትዕይንትም ስብከት ብቻ ሆኖ እንዳይቀርብን እንሰጋለን። የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብታግዙን።

ዜና መዋዕል

ሳሮን፣ ትልቅ ሥራ ነው የያዛችሁት፤ በርቱ። ሰውየው በፕሮፌሽናልነት 81 ጊዜ ተጋጥሞ 76ቱን አሸንፏል፣ 68ቱን በዝረራ። ይህን ሁሉ ለማሳየት አትሞክሩ። ሦስት ግጥሚያ ይበቃል፦ ኪንሻሳ 1974 ከመሐመድ አሊ ጋር፣ ሳን ሁዋን 1977 ከጂሚ ያንግ ጋር (የመልበሻ ክፍሉ ትዕይንት የሚከተለው ይህን ነው)፣ ላስ ቬጋስ 1994 ከማይክል ሙረር ጋር (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በ1973 ኪንግስተን ላይ ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጥሎ ቀበቶውን የወሰደበትን በሬዲዮ ዘጋቢ ድምፅ ብቻ አሳልፉት። መድረክ ላይ ስድስት ጊዜ መውደቅ ያስቃል።

ለእኛ ተመልካች መግቢያው ሜክሲኮ 1968 ቢሆን እመርጣለሁ። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት በዚያው ኦሊምፒክ ነው የ19 ዓመቱ ፎርማን የሶቭየት ኅብረቱን ዮናስ ቼፑሊስን ረትቶ ወርቅ የወሰደው፤ ትንሽ የአሜሪካ ባንዲራ እያውለበለበ ሪንጉ ውስጥ የዞረውም ያኔ ነው። ሁለቱ ስሞች በአንድ የሬዲዮ ዜና ውስጥ ቢነበቡ አዳራሹ ወዲያው አብሯችሁ ይሆናል።

ኪንሻሳ በእኛ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ገና ሰባት ሳምንት ቢሆን ነው። ግጥሚያው በኪንሻሳ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲጀመር አዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ነበር። ፎርማን ዛየር (ኪንሻሳ ያለችበት፣ የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) የገባው የጀርመን እረኛ ውሻውን ይዞ ነው። ሕዝቡ ያንን ዝርያ የሚያውቀው ከቤልጅግ ቅኝ ገዢ ፖሊሶች ጋር ስለነበረ ገና ከመነሻው ፊቱን አዞረበት። ይህን ካልነገራችሁ ስታዲየሙ በሙሉ ለምን ከመሐመድ አሊ ጋር እንደቆመ ለተመልካች አይገባውም።

የድራማው አንኳር ለእኔ አንድ ነው፦ ከ1977 በፊት የነበረው ፎርማንና በ1987 የተመለሰው ፎርማን አመታታቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው በዓይኑ ያስፈራራል፣ ተቀናቃኙን በክንዱ እየገፋ ከሩቅ የሚወረወር ሰፊ ቡጢ ይሰነዝራል፣ ሦስትና አራት ዙር ካለፈ ይደክማል። ሁለተኛው ይስቃል፤ እጆቹን ፊቱ ላይ አጣምሮ ይከላከላል፣ በጃብ (በፊተኛው እጅ በሚሰነዘር ቀጥታ ቡጢ) እየለካ ይጠብቃል፣ በዙሮች መካከል ወንበር ላይ እንኳ አይቀመጥም። እምነቱ ሰውነቱ ላይ እንዲህ ከታየ ብዙ ንግግር አያስፈልጋችሁም። በመካከል ያለው ጊዜም ባዶ አይደለም፦ በ1978 ተሹሞ ሂዩስተን ውስጥ በየመንገዱ ዳር ሰበከ፣ በ1984 የወጣቶች ማዕከል ከፈተ፣ ወደ ሪንግ የተመለሰውም ለማዕከሉ ማስኬጃ ገንዘብ ሲያጥር ነው። ይህን ምክንያት አትዝለሉት። ካለ እሱ መመለሱ ክብር ፍለጋ ይመስላል።

ግራ እጅ

ስለ ቡጢው እኔ ልጨምር። አራት ኪሎ አካባቢ ቦክስ የሚያሠሩ ቦታዎች አሉ፤ ተዋንያኑን ለአንድ ወር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ላኩ። መምታት እንዲማሩ ሳይሆን መቆም እንዲማሩ ነው። ቦክሰኛ ያልሆነን ሰው የሚያጋልጠው እግሩ ነው፤ ሲራመድ እግሩን ያጠላልፋል፣ ሲመታ ተረከዙ መሬት ይዞ ይቀራል። ቀኝ እጅ ሲወጣ የኋላው ተረከዝ መነሳትና መዞር አለበት፤ ያ ከሌለ ቡጢው ከትከሻ ብቻ የወጣ መስሎ ይታያል።

ማይክል ሙረር ግራኝ ነው፤ ቀኝ እግሩና ቀኝ እጁ ከፊት ናቸው። እሱን የሚጫወተው ልጅ ቀኝኛ ከሆነ በድካም ሰዓት ሳያውቀው አቋሙን ይቀይራል። ከተቻለ እውነተኛ ግራኝ ፈልጉለት።

ርቀት፦ ፊት ላይ የሚሰነዘር ቡጢ ሁሉ ከአገጭ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይለፍ። ተቀባዩ ጀርባውን ወይም የጎን ትከሻውን ለተመልካች ከሰጠ ክፍተቱ አይታይም፤ ሁለቱ በጎን መስመር ትይዩ ሆነው ከቆሙ ግን የመጨረሻ ረድፍ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል። ቡጢውን እውነት የሚያስመስለው ተቀባዩ ነው፦ መቺው በዓይኑ ምልክት ይሰጣል፣ ተቀባዩ ራሱን ሲያነሳ እጁ ያልፋል። ቡጢው ካለፈ በኋላ ራሱን ካነሳ ውሸቱ ታወቀ። በእውነት መነካካት የሚፈቀደው ጓንት በጓንትና ክንድ ላይ ብቻ ይሁን። ለዛሬ የከባድ ሚዛን ግጥሚያ ጓንቱ 10 አውንስ ነው፤ እናንተ ግን 16 አውንስ ተጠቀሙ። ትንሽ ቢገዝፍም ስፖንጁ ወፍራም ነው። የጥርስ መከላከያ ከልምምድ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ይኑር፤ በመድረክ ቡጢ ጥርስ በክርንም ሊሰበር ይችላል።

አዘራሮቹን በትክክል ሥሩ። ኪንሻሳ ላይ ስምንተኛው ዙር ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው የአሊ ግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣ ቡጢ) ቀና አደረገው፣ ቀጥታ ቀኙ ተከተለ፣ ፎርማን በመጠኑ ዞሮ ነው የወደቀው። ላስ ቬጋስ ላይ፣ አሥረኛው ዙር፣ ጃብና አጭር ቀኝ አገጭ ላይ፤ ሙረር በጀርባው ተዘረረ። እስከዚያ ደቂቃ ፎርማን በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ነበር። የዳኛውን ቆጠራ አታሳጥሩ፤ አሥሩም ሰከንድ ሙሉ ይቆጠር።

ካስማ

የሪንጉን ነገር ለእኔ ተዉት። 7 በ5 በሆነ መድረክ ላይ ከ4 በ4 ሜትር በላይ አትሥሩ፤ ዙሪያውን ሰው የሚያልፍበት ያስፈልጋል። ወለሉ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ በላዩ 3 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ፣ በላዩ በደንብ የተወጠረ ሸራ። ለስላሳ የፍራሽ ስፖንጅ አትግዙ፤ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው እሱ ላይ ነው። ሸራው ከላላም ጫማ ይይዛል።

በሕጉ አራቱ ገመዶች ከወለሉ 40፣ 70፣ 100 እና 130 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በተመልካች በኩል ግን የታችኛውን ገመድ ብቻ ዘርጉ፤ ሌሎቹ የተዋንያኑን ፊት ይከልላሉ።

አሊ ገመዱ ላይ የሚደገፍበት ትዕይንት ላይ ተጠንቀቁ። ጀማሪ ሁሉ ገመዱን እንደ ክራር አውታር ይወጥረዋል። የተወጠረ ገመድ ላይ 80 ኪሎ ሰው በጎን ሲደገፍ ምሰሶው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከሰውየው ክብደት ብዙ እጥፍ ነው፤ ብየዳው ይለቃል ወይም ምሰሶው ከነመሠረቱ ይነሳል። ላላ ያለ ገመድ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ከታሪኩም ጋር ይገጥማል፤ የኪንሻሳ ገመዶች የላሉ ነበሩ። የኋላ ምሰሶዎቹን ከመድረኩ ጀርባ ካለ ግድግዳ ጋር በብረት እሰሩ። የአሸዋ ከረጢት ብቻውን አይበቃም።

ለድምፅ ከመጋረጃ ጀርባ ትልቅ ከበሮ አኑሩና ጓንት ያጠለቀ ሰው ይምታው። ድምፁ የታፈነ ስለሚሆን የጓንት ቡጢ ይመስላል። ከበሮ መቺው ትዕይንቱን በቀዳዳ በዓይኑ ማየት አለበት፤ በጆሮ ብቻ ከተከተለ ይዘገያል።

ሳሮን ዘፒያሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። ሁለት ነገር ቀረኝ። የ25 ዓመቱና የ45 ዓመቱ ፎርማን በፀጉርም በክብደትም ይለያያሉ፤ አንድ ተዋናይ ይችለዋል? የመልበሻ ክፍሉስ? ልምምዱ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል እሱም ያሳስበኛል።

መርፌና ክር

አንድ ተዋናይ አይበቃም። ኪንሻሳ ላይ ወደ 100 ኪሎ ነበር፣ ላስ ቬጋስ ላይ 113። ራቁት ደረት ላይ ስፖንጅ መደበቅ አይቻልም፣ ዊግም በግጥሚያ ይወልቃል። ሁለት ተዋናይ አድርጉ፤ አንደኛው ባለ ፀጉር፣ ሁለተኛው ራሱን የተላጨና ወፈር ያለ።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቁምጣው ነው። ፎርማን በ1994 የለበሰው በ1974 የተሸነፈበትን ያንኑ ቀይ ቁምጣ ነው። መርካቶ ቀይ ሳቲን ስትገዙ የሁለቱንም ከአንድ ጣቃ አስቆርጡ፤ ሌላ ቀን ከሄዳችሁ ቀዩ አይገጥምም። ለሁለተኛው የተሰፋውን አራት አምስት ጊዜ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ሃያ ዓመት ይጨምራል። ላብ ለማስመሰል ግሊሰሪንና ውሃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ በመርጫ ደረትና ትከሻ ላይ ንፉ። ወለሉ ላይ ከፈሰሰ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ከሪንጉ ውጭ ይረጭ፣ መዳፍና እግር አይንካ።

ዜና መዋዕል

የመልበሻ ክፍሉን በፋሻው ሥሩት። የባለሙያ ቦክሰኛ እጅ በጎዝ ፋሻና በፕላስተር ይጠቀለላል፣ ሲያበቃ በመቀስ ይቀደዳል። በመጀመሪያው ትዕይንት አሰልጣኙ እጁን ሲያስር ታሳያላችሁ፦ ጣቶቹ ተዘርግተው፣ አንጓው ሁለት ሦስት ዙር፣ ጉልጥምቱ ሦስት ዙር፣ በጣቶቹ መካከል አልፎ ወደ አንጓው ይመለሳል። ሁለቱ እጆች ሲታሰሩ ለንግግር የሚበቃ ደቂቃ ታገኛላችሁ። ጣቱ ከደነዘዘው በጣም ጠብቋል፣ ይፈታ።

ሳን ሁዋን ላይ ደግሞ ይቀደዳል። በዚያ ምሽት ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ጂሚ ያንግ በአሥራ ሁለተኛው ዙር ጥሎት በነጥብ አሸነፈው፣ መልበሻ ክፍል ሲገባ ሰውነቱ ዝሎ ነበር። ፎርማን ራሱ ሲመሰክር፣ እየሞተ እንደመሰለው፣ ጨለማና ባዶ ቦታ ውስጥ እንደገባ፣ ከዚያም እጁና ግንባሩ ላይ ደም እንዳየና የክርስቶስን ስም እየጠራ እንደጮኸ ተናግሯል። ተዋናዩ ይህን ይናገር፣ ግን አታብራሩት። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙቀት የተመታ በሽተኛ ነው የሚያዩት፣ ይዘው ሊያስተኙት ይታገሉ። የሚያምነውም የሚጠራጠረውም ተመልካች አንዱን ነገር ከሁለት በኩል ያየዋል፤ ስብከት የሚሆነው ሁሉም ገፀ ባሕርይ ወዲያው ሲስማማ ነው።

አሰልጣኙን አንጄሎ ዳንዲንም አትርሱ። በ1974 ከአሊ ማዕዘን የነበረው ሰው በ1994 ከፎርማን ማዕዘን ነበር፤ ሁለቱንም ትዕይንት አንድ ተዋናይ ይጫወተው። ሙረር ተቆጥሮበት ሲያልቅ ፎርማን ማዕዘኑ ላይ ተንበርክኮ ጸልዮአል። እዚያ ላይ ሙዚቃ አትጨምሩ።

ግራ እጅ

ስለ ጾሙ፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ከመብላቱ በፊት ቡጢ እንዳይለማመድ። ባዶ ሆድና ውሃ ጥም ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ርቀት መገመት ነው፣ 20 ሳንቲ ሜትሩ አምስት ይሆናል። ጠዋት ቃለ ተውኔትና መግቢያ መውጫ ሥሩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልተው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቡጢው። ሙሉ ሦስት ደቂቃ ዙር ማንም ተዋናይ አይችልም፣ በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ጭራሽ። አንድ ግጥሚያ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ባላቸው ቁርጥራጮች ይከፋፈል፤ በየመካከሉ መብራት ይጥፋ ወይም ዳኛው ያላቅቃቸው። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት በግማሽ ፍጥነት፣ ከዚያ በሦስት አራተኛ። ሙሉ ፍጥነት አያስፈልግም፤ ፈጣን ቡጢ ከአዳራሹ ኋላ አይታይም። ትዕይንቱ ባለበት ቀን ሁሉ በር ከመከፈቱ በፊት ግጥሚያዎቹን አንድ ጊዜ በዝግታ ያሂዱ፣ ያልተገኘ ተዋናይ ካለም በተተኪ አትሞክሩት፤ ያንን ግጥሚያ በሬዲዮ ድምፅ አሳልፉት።