የባሌው የእግር ጉዞ ፕሮፖዛል፦ እስከ ሐሙስ ማታ ሐሳብ የምንጨምርበት

ሰብሳቢ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እንደተባባልነው ለዩኒቨርሲቲው ዲን የምናቀርበውን የባሌ ተራሮች ጉዞ ፕሮፖዛል እዚሁ እየተጨማመርንበት እንጨርሰው፣ አርብ አራት ኪሎ ስንገናኝ ፕሪንት አድርጌ ይዤ መምጣት አለብኝ። እስካሁን የያዝነው ይሄ ነው፦ 12 ሰው፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው የሴሚስተር እረፍት፣ ሁዳዴም ረመዳንም ሳይገባ። ከዲንሾ ከተማ ተነስተን በዌብ ሸለቆ አድርገን ሳነቴ (ተራራው ላይ ያለው ሰፊ ሜዳ) እንወጣና ጎባ ከተማ እንወርዳለን። ከ12ታችን ሰባቱ ከእንጦጦና ከመናገሻ ሱባ የቀን ጉዞ ውጪ ቦርሳ ተሸክመው አድረው አያውቁም፣ ስለዚህ የምንጽፈው እነሱን እያሰብን ይሁን። ባሌን የመረጥንበትን ምክንያት አሳጥሬ ጽፌዋለሁ፣ በ2023 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የዓለም ቅርስ አድርጎ መመዝገቡንም አስገብቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሰላም ሰላም። እኔ የመጀመሪያው ሌሊት የዲንሾ አዳር ይሰረዝ ባይ ነኝ። በአዳማ፣ በአሰላ፣ በዶዶላ አድርጎ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ከተነሳን ከሰዓት እንገባለን፣ ወዲያው ቦርሳ አንስተን ሸለቆው ውስጥ ብናድር የ12 ሰው ማረፊያና ምግብ ለአንድ ቀን ይቀራል። ለዲኑ የምናቀርበው በጀት በዛ ተብሎ ከተመለሰብን ጉዞው ራሱ ነው የሚቀረው እና እባካችሁ በቅንነት እዩልኝ።

የሕክምና ተማሪው፦
ወንድሜ ጭንቀትህ ይገባኛል ግን ከሁሉም ቀን ይቺን ቀን አትንካብን። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለምንኖር ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ሰው እንሻላለን፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ዲንሾ ራሱ ከ3,000 በላይ ነው፣ ሸለቆው ውስጥ ያለው ፊንጫ ሃበራ አካባቢ ወደ 3,500 ይጠጋል፣ ሳነቴ 4,000 ነው፣ እዛው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፉ 4,377። የከፍታ ሕመም እንዳይዝህ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የምትተኛበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ነው የሚመከረው፣ ቀን ላይ ከፍ ብለህ ወጥተህ ማታ ዝቅ ብለህ ብትተኛ ችግር የለውም። አንተ ባልከው ከሄድን 400 ኪሎ ሜትር መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው በዛው ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በዛ ላይ ሸክም ይዞ ሊተኛ ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ከጎባ በመኪና በአንድ ጠዋት ሳነቴ ወጣን፣ ራሴን ሲያመኝ ፀሐይ ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ ከሰዓት ላይ አስመለሰኝ፣ ለጓደኞቼ ግን አልተናገርኩም ምክንያቱም ጉዞውን የማበላሽባቸው መሰለኝ። መኪና ስለነበረን ማታውኑ ወረድን፣ ጎባ ስንደርስ ተሻለኝ። በእግር ሆነን ቢሆንስ? ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍልኝ፦ ራስ ምታት የጀመረው ሰው ይናገራል፣ ያ ሰው ሳይሻለው ማንም አንድ ሜትር ከፍ አይልም፣ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ከጀመረ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል። የከፍታ መድኃኒት የሚፈልግ መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

አዲስ አባል፣ 2ኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ስሜን ላስወጣ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የአጎቴን ልጅ ቦርሳ ተውሼ ይያዝ ያላችሁትን ሁሉ ጨምሬ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጌ እንጦጦ ማርያም ለመውጣት ሞከርኩ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ትከሻዬ ተቃጠለ፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲያልፉኝ በጣም አፈርኩ። ቤት ስመለስ 16 ኪሎ ሆኖ አገኘሁት፣ እኔ ራሴ 52 ኪሎ ነኝ። ጥያቄዬ ፈረስ መጠቀም ይቻላል ወይ ነው፣ ከተቻለስ በራሱ ተሸክሞ መሄድ ነው ቁም ነገሩ ከሚሉት ጋር አብሬ መሄድ እችላለሁ ወይ።

አማካሪ፦
ልጄ፣ ስምሽን እንዳታስወጪ። ባሌ አገሩ የፈረስ አገር ነው፣ ሰው ገበያም ለቅሶም የሚሄደው በፈረስ ነው፣ ዲንሾ ላይ አስጎብኚ ስትይዙ ፈረስና ፈረሰኛ አብራችሁ ትይዛላችሁ፣ ለአካባቢው ሰውም እንጀራ ነው። ሸክም ከክብደትሽ አንድ አምስተኛ ባያልፍ ጥሩ ነው፣ አንቺ ላይ 10 ኪሎ መሆኑ ነው። ድንኳን፣ ምግብ፣ ምድጃ ፈረስ ላይ ይሁን፣ የራስን ልብስና መኝታ እያንዳንዱ ይያዝ። አንድ ፈረስ ደግሞ ጭነት ሳይኖረው ይከተል፣ የታመመ ሰው የሚቀመጥበት። ሳነቴ ላይ ከደረሳችሁማ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው የመኪና መንገድ ሜዳውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ችግር ቢመጣ መውረጃ አላችሁ፣ ይሄንን ዲኑ በግልጽ እንዲያየው ጻፉት። ቦርሳ ላይ ደግሞ የወገብ ቀበቶ የሌለውን እንዳትወስዱ፣ ክብደቱ ዳሌ ላይ ካላረፈ ትከሻ አይችለውም። ያቃጠለሽ እሱ ይመስለኛል።

አዲስ አባል፣ 2ኛ ዓመት፦
እውነትም ቀበቶ የለውም ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
የዲንሾውን አዳር መልሼዋለሁ፣ የዶክተራችንን ታሪክ አላውቅም ነበር። ግን ፈረሱን በሦስት እንጨርስ፣ ሁለት ለጭነት አንድ ባዶ። ዋጋውን ሰው ከነገረን ላይ አልጽፍም፣ ዲንሾ ደውዬ ጠይቄ እሞላዋለሁ።

የምግብ ኃላፊ፦
በሁለት ፈረስ ከሆነ ምግቡ መቅለል አለበት። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ምስር ምናምን ሰርዣለሁ። 4,000 ሜትር ላይ ውኃ 87 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ምስር እስኪበስል ነዳጁ ያልቃል፣ ሽሮ ግን ቶሎ ይደርሳል። እንጀራ በሦስተኛው ቀን ስለሚሻግት ከሁለተኛ ቀን በኋላ ድርቆሽ ነው፣ ጠዋት በሶ፣ መንገድ ላይ ቆሎና ዳቦ ቆሎ። ጭኮ (በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት) ከዚህ አንሸከምም፣ አርሲና ባሌ የጭኮ አገር ስለሆነ እዛው እንገዛለን፣ ረቡዕና አርብ ለሚጾሙት በቅቤ ፋንታ በሶና ኦቾሎኒ ለብቻ ይዣለሁ። ምድጃው በነጭ ጋዝ የሚሠራው ይሁን፣ ትንንሾቹ የቡቴን ጋዞች ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አልነሳ ይላሉ፣ ሳነቴ ደግሞ በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። አስታ የሚባለውን የተራራ ዛፍ ቆርጦ ማንደድ የሚባል ነገር የለም፣ ለአንድ ሻይ ብለን የስንት ዓመት ዛፍ አንቆርጥም። ጋቢ ለዲንሾ ብቻ፣ ጥጥ ከራሰ ተራራ ላይ አይደርቅም፣ ሲርስ ደግሞ ክብደቱን ታውቁታላችሁ። ስሊፒንግ ባግ የሌላችሁ አሁኑኑ ተናገሩ፣ እንዋስ ወይ እንከራይ።

የአርኪዮሎጂዋ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ዓላማ የሚለው ክፍል ላይ እንስሳትና ጅብራ ብቻ ነው ያለው። ቀይ ቀበሮው ይቅደም፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ነው የቀረው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው (ለዚህ ነው ማንም ውሻ ይዞ የማይመጣው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው እየጨረሳቸው ያለው)። ግን ፊንጫ ሃበራ የምናርፍበት አካባቢ ያለውን ዋሻ ማለፍ የለብንም። 3,469 ሜትር ላይ ነው፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰው ኖሮበታል፣ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የታተመ ጥናት ነው፣ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፣ ያው ቀይ ቀበሮው ዛሬ የሚያድነውን። የዛን ጊዜ ተራራው አናት ላይ በረዶ ግግር ነበረ። የዛን ቀን ከሰዓት መንገድ እናሳጥርና እዛ ሁለት ሰዓት እንቀመጥ፣ እኔ አስረዳለሁ፣ ለዶክተሩም ይመቸዋል።

የሕክምና ተማሪው፦
ይመቸኛል፣ እዛው ሁለት ሌሊት ይሁንልኝ እንጂ። በመካከሉ ያለውን ቀን ያለ ቦርሳ ከፍ ብለን ወጥተን እንመለስ።

ሰብሳቢ፦
እሺ እንዲህ ጻፍኩት፣ ያልተስማማችሁበት ካለ አሁን በሉ። «ቀን 1 አዲስ አበባ–ዲንሾ፣ አዳር። ቀን 2 ፊንጫ ሃበራ። ቀን 3 እዛው፣ ያለ ሸክም። ቀን 4 ወደ ሳነቴ መዳረሻ። ቀን 5 ሁሉም ደህና ከሆነ ብቻ ቱሉ ዲምቱ። ቀን 6 ጎባ። የጉዞው ፍጥነት በመጨረሻው ሰው ልክ ነው፣ አስጎብኚው ከፊት፣ የሕክምና ተማሪው ከኋላ። የአንድ ሰው ሸክም ከ10 ኪሎ አይበልጥም።» ጫፉን ለመርገጥ የሚመጣ ሰው ካለ ቀን 5 ላይ ያለውን «ብቻ» የሚለውን ደጋግሞ ያንብብልኝ። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ሽሮ ሜዳ፣ ሙሉ ቦርሳ ይዘን እንጦጦ እንወጣለን፣ የማይቀር።

አዲስ አባል፣ 2ኛ ዓመት፦
ቀበቶ ያለው ቦርሳ ተውሼ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አስመዘንኩት፣ ጋቢውንና ሁለት መጽሐፍ አውጥቼ 9 ኪሎ ተኩል ሆነልኝ። ስሜን ጻፊልኝ፣ እሑድ እመጣለሁ።