ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ ማሳየት ግድ ነው ወይ?

የመንዟ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። የ20 ደቂቃ አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ተይዣለሁ። አንድ ልጅ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ተነስቶ፣ እናቱ ደብረ ብርሃን ለሚሠራው ታላቅ ወንድሙ የላከችውን የታሸገ ፖስታ ይዞ ይመጣል። ወንድሙን በተባለው ቦታ ያጣዋል። ሌሊቱን ሙሉ ከተማውን ሲዞር ያድራል፤ አንዱ ሊቀማው ይሞክራል፣ አንዷ ታስጠጋዋለች። ስክሪፕቱን ያነበቡ ጓደኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ ግን "ፖስታው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?" ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም። ልጁን የሚያስኬደው ነገር ስለፈለግኩ ነው ያስገባሁት። እንዲህ መጻፍ ይቻላል?

ካሜራ ያዥ፦
ይቻላል እህቴ። ስምም አለው፣ ማክጋፊን ይባላል። ቃሉን ያስታወቀው የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። እንደ እሱ አባባል ገጸ ባሕሪያቱ ለዚያ ነገር ነፍሳቸውን ይስጡ እንጂ ተመልካቹን ምንነቱ ብዙም አያስጨንቀውም። "ኖቶሪየስ" የሚለውን ፊልሙን (1946 እ.ኤ.አ.) ፈልገሽ እዪው። ሰላዮቹ የሚፈልጉት በወይን ጠርሙስ ውስጥ የተደበቀ ዩራኒየም ነው። እኔ ግን ፊልሙን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ቁልፉ ነው። ግብዣ ላይ ነው፣ አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፣ ካሜራው ከላይ ከደረጃው ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርድና ይወርድና ተዋናይቷ ኢንግሪድ በርግማን እጇ ውስጥ የጨበጠችው የምድር ቤት ቁልፍ ላይ ይቆማል። ከባሏ ሰርቃ ነው የያዘችው። በዩራኒየሙ ፋንታ አልማዝ ቢሆን ኖሮ የሷ ጭንቀት አይለወጥም። ስለዚህ ፖስታውን አትክፈቺው።

ሰላ ድንጋይ፦
ባይከፈትም አንቺ ግን ማወቅ አለብሽ። ጸሐፊው የማያውቀውን ነገር ተዋናዩ እንዴት አድርጎ ይያዘው?

የድሮ መምህር፦
ካሜራ ያዥ ያልከው ለስለላ ፊልም ይሠራል። የዚች ልጅ ታሪክ ግን የድሃ ቤት ታሪክ ነው፣ እዚያ ላይ አልስማማም። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራውን "የብስክሌት ሌቦች" ተመልከቱ። ሰውየው ሮም ውስጥ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፣ ሥራው ደግሞ ያለ ብስክሌት አይሆንም፣ ብስክሌቱ ግን በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ምንም አትልም፣ የአልጋ አንሶላዎቹን ገፈፈቻቸው። ብስክሌቱን ለማስለቀቅ ወስደው ሲያስይዟቸው የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የእነሱን አንሶላ ተሸክሞ መደርደሪያውን ሽቅብ ይወጣል፣ መደርደሪያው ደግሞ እስከ ጣሪያ ድረስ በሌላ ሰው አንሶላ ተሞልቷል። እኔ እዚያ ላይ ነው ያለቀስኩት። በኋላ ብስክሌቱ ሲሰረቅ የተሰረቀው አንሶላውም ጭምር ነው፤ ለዚህ ነው አባትየው መጨረሻ ላይ ልጁ እያየው ራሱ ሊሰርቅ ሲነሳ የምንረዳው። የኔ ልጅ፣ ፖስታሽ ዋጋ የለውም። ማን ምን ከፍሎበት እንደመጣ አናውቅም።

የሸማኔ ልጅ፦
እንደ መምህሩ ነው የማስበው። ፖስታውን ተዪውና ባና፣ የበግ ጠጉሩን ብርድ ልብስ፣ አሸክሚው። ለምን መሰለሽ፣ ባና እኛ ጋ ምን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ጠጉሩ ተሸልቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ እዚያ እስኪደርስ የስንት ሰው እጅ እንዳለበት የመንዝ ሰው ያውቃል። ይከብዳል፤ ልጁ ትከሻ ሲቀያይር ድካሙን እናያለን። ዝናብ ሲነካው ደግሞ የበግ ሽታው ይነሳል። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ታሪኩን ኅዳር ላይ አድርጊው። የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ውርጭ አንቺው ታውቂዋለሽ። ልጁ በስስ ሹራብ እየተንቀጠቀጠ የወንድሙን ባና ታቅፎ ተቀምጧል። ይልበሰው አይልበሰው? ፖስታ እንዲህ አይፈትነውም። ቀማኛው ባይመጣ እንኳ ታሪክ አለሽ።

የመንዟ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ፊልሙን ትናንት ማታ አየሁት፣ የአንሶላውን ቦታ ሁለቴ መልሼ አየሁት። ዛሬ ጠዋት ቀማኛውን አወጣሁት። አሁን ልጁ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ባናው እናቱ ባሰረችበት ገመድ እንደታሰረ ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ ጣቶቹ ደንዝዘው ቋጠሮውን መፍታት ያቅተዋል። በጥርሱ ይፈታዋል። እዚህ ድረስ ደርሻለሁ። የከበደኝ ጠዋት ነው። ወንድሙ ሲገኝ ገመዱ ሌላ አስተሳሰር ይዟል፣ ባናውም ጤዛ ነክቶታል። ልጁ ይናገር ወይስ ዝም ይበል? እኔ ልጁ ዝም ብሎ ወንድሙ ቋጠሮውን አይቶ ቢያውቅ ይሻላል ባይ ነኝ። እናንተስ?