ፊዚክስ ተመርቄ መምህር መሆን ፈልጌያለሁ፤ ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ዲፕሎማ) መደበኛውን ልማር ወይስ የክረምቱን?

ቀበሌ 14 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በፊዚክስ ዲግሪዬን ይዣለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። የምኖረው ባህር ዳር እህቴ ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር እፈልጋለሁ፣ የምር ስለምወደው ነው። ግን የተማርኩት አፕላይድ ስለሆነ ስለ ማስተማር አንድም ኮርስ አልወሰድኩም። አሁን አንድ የግል ት/ቤት "9ኛ ክፍል ፊዚክስ ያዝ፣ ፒጂዲቲውን በክረምት ትማረዋለህ" እያለኝ ነው። ሌሎች ደግሞ መደበኛውን ገብተህ ተረጋግተህ ተማር ይሉኛል። ቤት ውስጥም ገቢ ያስፈልጋል። ያለፋችሁበት እስኪ ንገሩኝ። ምን ያስተምራሉ? ልምምዱስ እንዴት ነው? ደግሞ ስልሳ ልጅ ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ማስረዳት እንዴት ይቻላል? እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

የፔዳ ልጅ

ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ሙያው መጣህ። እኔ መደበኛውን ነው የተማርኩት፣ እዚሁ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ። ግቢው ከመነሻውም ለመምህራን የተሰራ ነው፤ በንጉሡ ዘመን በዩኔስኮ ድጋፍ የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ ተጀመረ፣ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ (ከፖሊቴክኒኩ) ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ፒጂዲቲ የመጣው በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት ፊዚክሱንም የማስተማር ዘዴውንም አንድ ዲግሪ ውስጥ ደባልቀው ነበር የሚሰጡት። በፒጂዲቲ ግን መጀመሪያ ዲግሪህን ትይዛለህ፣ ከዚያ ማስተማሩን ለብቻው ትማራለህ። ኮርሶቹ ስነ ልቦና፣ ስርዓተ ትምህርት፣ ምዘና፣ አካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለበትንም የሌለበትንም ልጅ አብሮ ማስተማር)፣ ት/ቤትና ማህበረሰብ፣ አክሽን ሪሰርች (መምህሩ በራሱ ክፍል ችግር ላይ የሚሰራው ጥናት)፣ እንዲሁም የራስህ ትምህርት ማስተማሪያ ዘዴ ናቸው። ከእነዚህ ጋር ፕራክቲከሙ፣ ማለትም ት/ቤት ሄዶ የማስተማር ልምምዱ አለ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም እኩል አይጠቅሙህም። እኔን ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚያገለግሉኝ የፊዚክስ ማስተማሪያ ዘዴውና ምዘናው ናቸው። ጥያቄ ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጥያቄው የከበደው ፊዚክሱ ከብዶ ነው ወይስ እንግሊዝኛው ተወሳስቦ? ይህን ካልለየህ ልጁን ባላጠፋው ጥፋት ነው የምትጥለው።

ኪስህ ከቻለ መደበኛውን ግባ። ፕራክቲከሙን እንደ ተማሪ፣ ያለ ደሞዝ ጭንቀት ትሰራዋለህ።

መምህርት ከሐሙሲት

እኔ ደግሞ እያስተማርኩ በክረምት ነው የጨረስኩት። ጥሩ ጎን አለው፤ ሐምሌ ላይ የሰማሁትን መስከረም ላይ ክፍል ገብቼ እሞክረው ነበር። ችግሩ ክረምቱ አጭር ነው፣ ኮርሱ ይታጨቃል፣ ቀን ክላስ ማታ አሳይመንት፣ በዚያ ላይ የጣና ዳር ዝናብ። ዓመቱን ሙሉ አስተምሮ የደከመ ሰው መቼ ይረፍ?

ከግል ት/ቤቱ ጋር ከመፈራረምህ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቅልኝ። በሳምንት ስንት ፔሬድ ይሰጡሃል? አብሮህ የሚሰራ ልምድ ያለው የፊዚክስ መምህር አለ? ክረምት ላይስ ይለቁሃል? ብዙ የግል ት/ቤቶች ክረምት ማጠናከሪያ ያስተምራሉ፣ ያን ጊዜ "ሂድና ተማር" ያሉህ ሰዎች "የት ትሄዳለህ" ይሉሃል። በቃል ሳይሆን በጽሁፍ ይሁን።

ስለ እንግሊዝኛው አትጨነቅ፣ መላ አለው። ከ9ኛ ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ግን አብዛኞቹ ስምንተኛን የጨረሱት በአማርኛ ነው። ስለዚህ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ክፍል እንደገባሁ የዕለቱን አምስት ስድስት ቃል ሰሌዳው ግራ ጥግ ላይ እጽፋለሁ፣ ፔሬዱ እስኪያልቅ አይጠፋም። ሃሳቡን በቀላል እንግሊዝኛ እናገራለሁ። እንዳልገባቸው ፊታቸው ላይ ካየሁ በአማርኛ አስረዳለሁ። ከዚያ አንዱን ልጅ አስነስቼ ግራ ጥግ ያሉትን ቃላት እያየ በእንግሊዝኛ እንዲደግመው አደርጋለሁ። ተኮላተፈም አልተኮላተፈም ይጨርሳል፤ ማንም አይስቅበትም፣ ይህን ህግ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የማስይዘው።

ስልሳ ልጅ ደግሞ በጩኸት አይያዝም። ስማቸውን ያዝ። የመቀመጫ ካርታ ሰርተህ ሌሰን ፕላንህ ላይ ለጥፍ። ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ በስሙ ስትጠራው ክፍሉ በሙሉ ቀና ይላል።

እውነቱ ይነገር

ሁላችሁም አበረታታችሁት፣ እኔ ግን ሌላውን ልበል። የመምህር ደሞዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ ወር አያደርስም። ባህር ዳር ኪራይ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ልጁ ፊዚክስ የተማረ ነው፣ ኮምፒውተር ነክ ነገር ተምሮ ሌላ ስራ ይፈልግ። ሙያውን ንቄ አይደለም፤ አባቴ መምህር ነበር፣ ቤታችን ውስጥ የነበረውን ስለማውቅ ነው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር

የደሞዙን ነገር ከላይ ያለው ልጅ የጻፈው ልክ ነው፣ አልከራከረውም። መምህር ተርቦ ማስተማር የለበትም፤ ይህን መንግስትም ወላጅም ሊሰማው ይገባል። ግን ይህ ወጣት የጠየቀን "የቱን ልማር" ብሎ ነው። ለእሱ ልመልስ።

መደበኛም ሆነ ክረምት፣ አንተን መምህር የሚያደርግህ ልምምዱ ነው። ሌላው በመጽሐፍ ይገኛል። ጥሩ ሜንተር፣ ማለትም የሚመራህ ልምድ ያለው መምህር ፈልግ። ት/ቤት ስትመደብ ዝም ብለህ የተሰጠህን አትቀበል፣ "የፊዚክስ መምህራኑን ክፍል ገብቼ ልይ" በል። ክፍሉ ውስጥ ልጆች የሚጠይቁበትን መምህር ስታገኝ እሱ ጋ ተጠጋ። ልጆች የማይጠይቁት መምህር ምን ቢያውቅ አንተን አያሳድግህም።

ሁለተኛ፣ ፊዚክስን ከጣና አታርቀው። የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ መጨረሻው ስለ ሙቀትና ቴርሞሜትር ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። አንተ ግን ምድጃ፣ ድስትና ቴርሞሜትር ይዘህ ግባና ክፍሉ ፊት አፍላው። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቴርሞሜትሩ 94 አካባቢ ይቆማል። ውሃው እየተንተከተከ፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ልጆቹ መጀመሪያ "ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል" ይላሉ። ቀጥሎ "መጽሐፉ ተሳስቷል" ይላሉ። አንተ ዝም በል። ደብረ ታቦር ዘመድ ያለው ልጅ ከክፍሉ አይጠፋም፤ እዚያ ባቄላ ለመብሰል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቀው። ደብረ ታቦር ከእኛ ከፍ ስለምትል ውሃው ከዚህም ባነሰ ሙቀት ነው የሚፈላው። ከፍ ባልን ቁጥር የሚቀንሰውን የአየር ግፊት አንተ ሳትጠራው እነሱ ይደርሱበታል፣ በዚያ ቀን ያወቁትን አይረሱትም።

10ኛ ክፍል ላይ ብርሃን ስትደርስ ደግሞ ሐይቁ ዳር ውሰዳቸው። ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ዘንጉን ውሃ ውስጥ ሲያስገባው የተሰበረ ይመስላል። ስለ ብርሃን መሰበር ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ከየት ይመጣል?

ቀበሌ 14 (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን ሦስቴ አነበብኩት። ከእህቴ ጋር ተነጋግረን መደበኛውን ልሞክር ብያለሁ፣ ማታ ማታ ቤት ለቤት እያስጠናሁ እደጉማታለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ወረቀት ምን ምን ላዘጋጅ? ፕራክቲከሙ ላይስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው እንዴ የማስተምረው?

የፔዳ ልጅ

ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ዛሬውኑ ጀምረው። ከተማርክበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወደምትማርበት ነው የሚላከው፣ አንተ በእጅህ ይዘህ አትሄድም፣ ስለዚህ ሰው የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። ስቱደንት ኮፒህን (ለአንተ የተሰጠህን የውጤት ወረቀት) እና ቴምፖራሪህንም (ጊዜያዊ ዲግሪህን) ኦሪጅናሉን ከኮፒ ጋር ያዝ። የዘንድሮውን ማስታወቂያ ሬጅስትራር ሄደህ ራስህ አንብበው፣ በወሬ አትመን።

ከመጀመሪያው ቀን አታስተምርም። መጀመሪያ ት/ቤቱን ታያለህ፣ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጠህ ትመዘግባለህ። ቀጥሎ ሜንተሩን ታግዛለህ፣ ደብተር ታርማለህ፣ ቡድን ታወያያለህ። ከዚያ ነው ክፍሉን የምትረከበው። ከዩኒቨርሲቲም ሱፐርቫይዘር መጥቶ ያይሃል። ፖርትፎሊዮህን (የልምምድህን ማስረጃ የምትሰበስብበትን ጥራዝ) መጨረሻ ላይ በጥድፊያ አትስራው፤ ከክፍል በወጣህ ቁጥር ልጆቹ የቱ ጋ እንደተደናገሩ ሁለት መስመር ጻፍ። የአክሽን ሪሰርች ርዕስህ ከዚያ ይወጣልሃል።

መምህርት ከሐሙሲት

ይጨመርልኝ። ስትቀጠር ፒጂዲቲ አለኝ ብለህ እንዳትዘናጋ። መጀመሪያ ጀማሪ መምህር ነህ፣ ሁለት ዓመት ሜንተር ተመድቦልህ ተሙማ (ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) ትሰራለህ። አንዳንዱ ለፊርማ ብቻ ይሰራዋል። አንተ ሜንተርህን ክፍልህ ገብቶ እንዲያይህ ለምነው።

ቀበሌ 14 (ጠያቂ)

እሺ እህቴ፣ ይዣለሁ። ጋሼ፣ የምመደብበት ት/ቤት ቴርሞሜትር ባይኖረውስ?

ጡረታ የወጣሁ መምህር

ላብራቶሪ ካለው ጎረቤት ት/ቤት በደብዳቤ ተዋስ፣ ይሰጡሃል። የክሊኒኩን የትኩሳት መለኪያ ግን እንዳታመጣ፤ እሱ 42 ላይ ያበቃል፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ይሰበራል፣ ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ደግሞ ለልጆቹ አደገኛ ነው። እስከ 110 የሚያነበውን፣ ቀይ ፈሳሽ ያለበትን ጠይቅ። ጫፉ የድስቱን ታች እንዳይነካ በክር አንጠልጥለው፣ አለበለዚያ የብረቱን ሙቀት ነው የምታነበው።