ክርክር፦ ቀፊራ ይታደስ ወይስ ፈርሶ ፎቅ ይሠራበት?

የደቻቱ ልጅ (ጥያቄውን ያነሳችው)፦

ሰላም የድሬ ልጆች። ሰሞኑን ሻይ ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር የምሰማው አንድ ወሬ ነው። «የድሬዳዋው ገበያችን ቀፊራ አርጅቷል፤ ፈርሶ ባለ ፎቅ የገበያ ማዕከል ቢሠራበት ይሻላል» ይላሉ። ወሬ ነው እንጂ የተወሰነ ነገር የለም። ግን ብዙ ሰው እያሳመነ ስለሆነ እዚህ እንነጋገርበት። እኔ «ይታደስ» ባይ ነኝ።

እናቴ ቀፊራ ቅስቱ ሥር ቲማቲምና ሎሚ ትሸጥ ነበር። ሱቅ አልነበራትም። የነበራት አንድ ጆንያና ጥላው ብቻ ነው። ጠዋት ጆንያዋን ከቅስቱ ደጅ ትዘረጋለች። አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ጉልበቷ ጋ ስትደርስ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ትስባለች። አምስት ሰዓት ላይ ደግማ ትስባለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጀርባዋ ግድግዳው ላይ ነው። ከሰዓት ጥላው ሲዞር እሷም ከነቲማቲሟ ትዞራለች። ልጅ ሆኜ ሰዓት የማውቀው በእናቴ ጆንያ ነበር። የድሬን ሙቀት ለማያውቅ ሰው ይሄ ተራ ነገር ይመስለዋል። ግንቦት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቲማቲም ማታ ለፍየል ነው የሚሰጠው።

ፎቅ ይሠራ የምትሉ ንገሩኝ። እንደ እናቴ ያለች ሴት ጆንያዋን ስንተኛው ፎቅ ላይ ነው የምትዘረጋው?

ባለ ሱቁ፦

አቦ፣ እናትሽን አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ። ግን አንቺ የምታወሪው የልጅነትሽን ቀፊራ ነው። እኔ ዛሬም እዚያው ነው የምውለው። አንድ ቆጣሪ ላይ ስንት ሱቅ እንደተቀጠለ መጥተሽ እዪው። አምና ከጎረቤቴ ሱቅ ጭስ ወጣ። በአካባቢው ቧንቧ የለም። በሃይላንድ ውሃ እየተቀባበልን ነው ያጠፋነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ የ20 ዓመት ልፋቴ አመድ ነበር።

ሽንት ቤትም የለም። ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። በዚህ ሙቀት! ቅርስ ቅርስ የምትሉት ሰዎች ፎቶ አንስታችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። እኛ እዚያው እንቀራለን። እኔ አፍርሱት ስል ጠልቼው አይደለም። ሌላ መፍትሔ ያመጣልን ሰው ስለሌለ ነው።

የምድር ባቡር ልጅ፦

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ያለው ዳገት ወጪው ከባድ ስለነበር ሀዲዱ ከታች ቀረ። ለዚህ ነው ከተማችን መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው። ሀዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሌላ 15 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት የሐረርጌ ቡናና ቆዳ በግመልና በበቅሎ ወርዶ ባቡር ላይ የሚጫነው እዚህ ነበር። ጨርቁ፣ ጨውና ቆርቆሮው ደግሞ ከባቡር የሚወርደው እዚሁ ነው። ዓረቡ፣ ህንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ ይህን አይቶ መጣ።

ከተማዋም ሁለት ሆና ተሠራች። የባቡር ጣቢያው ሰፈር ከዚራ ቀጥ ያለ መንገድና ዛፍ ደረሰው። ቀፊራ ያለበት መጋላ ማዶ ሆነ፤ መሐላቸው የደቻቱ ወንዝ። ለባቡሩ ሠራተኛ ጥላ በፕላን ተተከለለት። የመጋላ ሰው ጥላውን ያገኘው ከገበያው ቅስትና ከሱቁ በረንዳ ነው። ስለዚህ ቀፊራ ለእኔ ሕንፃ ብቻ አይደለም። የማዶው ሰው ጥላ ነው።

አሁን ለምን አረጀ የሚለው ላይ ልምጣ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ 47/67 ሲወጣ ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ድሬ ውስጥ አሮጌ ሱቅ የተከራየ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ብሎ አይጠግንም። አከራዩ «ኪራዩ ኖራ አይገዛም» ብሎ አይጠግንም። 50 ዓመት ማንም ያልጠገነው ቤት አረጀ ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም።

ኢስታንቡል ተመላላሽ፦

እኔ ልብስ ለማምጣት ኢስታንቡል እመላለሳለሁ። እዚያ ካፓሊቻርሺ የሚሉት ገበያ አለ። ትርጉሙ ጣሪያ ያለው ገበያ ማለት ነው። ሱልጣን መሕመድ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1453 ከያዘ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ያስጀመረው ነው። ዛሬ ከ60 በላይ መንገድና 4,000 የሚጠጋ ሱቅ አለው። በታሪኩ ደጋግሞ ተቃጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1894 የመሬት መንቀጥቀጥም ጎድቶታል። በየጊዜው ጠገኑት እንጂ አርጅቷል ብለው አላነሱትም። ባለ ሱቁ፣ የእሳት ፍርሃትህ ይገባኛል። እነሱ ግን በእንጨቱ ፈንታ ድንጋይና ጡብ አስገቡ፤ ገበያው ቦታውን አልለቀቀም።

ባለ ሱቁ፦

ወንድሜ፣ ካፓሊቻርሺ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሎሚ የምትሸጥ ሴት አየህ? ወርቅና ምንጣፍ ነው ያየኸው። ቀፊራንም እንደዚያ ካሳመራችሁት የመጀመሪያዋ የምትባረረው የእህታችን እናት ናት። ዕድሳትም ሰው ያፈናቅላል።

የሳቢያን አርክቴክት፦

ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ማንም እንዳያልፈው። ፓሪስን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ1800 ወዲህ እዚያ ከ100 በላይ የመስታወት ጣሪያ ያላቸው መተላለፊያ ገበያዎች ተሠርተው ነበር። መንገዱ ጭቃ፣ የእግረኛ መሄጃ የሌለው ስለነበር ሰው ሳይረጥብ እንዲገበያይ ነው። በኋላ ትልልቅ መደብሮች መጡና ገበያው ከዳቸው። ዛሬ 20 ገደማ ቢቀሩ ነው። የምግብ ገበያቸው ሌ አል ደግሞ የባሰ ደረሰበት። የብረትና የመስታወት አዳራሾቹን እ.ኤ.አ. በ1971 አፈረሱ። ሻጮቹ ከከተማ ወጡ። በቦታው ከመሬት በታች የገበያ ማዕከል ገባ። እሱም 40 ዓመት ሳይሞላው እንደገና ተሠራ።

ስለ ቀፊራ ግድግዳ አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ቆሜ አንዱን ምሰሶ ሳየው ከታች በሲሚንቶ ተለስኗል። ጣቴን ብሰድ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ ድንጋዩ እርጥብ ነው፤ ነጭ ጨው ወጥቶበታል። ድሮ በኖራ የተሠራ ግድግዳ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲደፈንበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ድንጋዩን ይበላዋል። ማለትም ግማሹን ያበላሸነው ጠገንን ብለን ነው። በኖራ መልሶ መለሰን ሚሊዮኖች የሚያስወጣ ሥራ አይደለም። ጠቢብ እጅ ነው የሚፈልገው።

ፎቁን በተመለከተ ደግሞ የሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም.ን ጎርፍ የረሳ አለ? ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ደቻቱ አጠገብ መሬት ቆፍሮ ፓርኪንግ ያለው ሕንፃ መሥራት እኔ አልፈርምበትም።

የጁገል ልጅ፦

እኔ ከሐረር ነኝ፤ ግን ድሬ ሁለተኛ ቤቴ ናት። የሚገርመው ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚያው በሐምሌ 1998 ነው። እኛ ስንጨፍር እናንተ ለቅሶ ተቀመጣችሁ። ያን ወር አልረሳውም።

የእኛን ተሞክሮ ልንገራችሁ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙ የወጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ጨርቁን ከአንዱ ሱቅ ገዝተሽ፣ ፊት ለፊቱ አሰፍተሽ፣ በዚያው ቀን ለብሰሽ ትመለሻለሽ። መንገዱን ያቆየው ይሄ ሥራ ነው። ሰፊዎቹ ቢነሱ ቀለም የተቀባ ባዶ ግድግዳ ነው የሚቀረን።

ግን ሁሉም ማር አይደለም። አዋጅ 209/1992 ቅርስ ለመጠገን እንኳ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ሕጉ ልክ ነው። እኔ ግን የአክስቴን ጣሪያ ለማስጠገን ፈቃድ ስጠብቅ ክረምቱ አለፈብኝ። ቢሮው ነገ ተመለሱ፣ ነገ ተመለሱ ይለን ነበር። አክስቴ ባልዲ እየደቀነች አደረች። ስለዚህ ቅርስ ይባልልን ስትሉ፣ ማን ፈቃዱን በስንት ቀን እንደሚሰጥ አብራችሁ ጠይቁ።

የደቻቱ ልጅ፦

ባለ ሱቁ፣ ዕድሳትም ያፈናቅላል ያልከው ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። እውነትህን ነው። ስለ ቅስቱ ስጮህ ስለ ሽንት ቤቱ አንድ ቃል አልተናገርኩም። እናቴም እኮ ውሃ ሳትጠጣ ነበር የምትውለው፤ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ስለዚህ ሐሳቤን ላስተካክል። መጀመሪያ ቧንቧ፣ ሽንት ቤትና ለየሱቁ የራሱ ቆጣሪ። ቀጥሎ ኖራው። ቅስቱ ሥር የሚቀመጡት ሴቶች ደግሞ ሥራው ሳይጀመር በስማቸው ይመዝገቡ፤ ሲያልቅ ያው ቦታቸው ይመለስላቸው። ይሄ ሁሉ ቢሟላ አሁንም ፎቅ ትላለህ?

ባለ ሱቁ፦

እኔ ፎቅ ስል መጋዘን ማለቴ ነበር። ማታ ዕቃዬን የማስገባበት፣ እሳት የማያሰጋው ቦታ። እሱ ከገበያው አጠገብ ከተሠራልኝ ቅስቱን ማን ይነካዋል!

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሱቄ ፊት ሎሚ የምትሸጥ ሴት አለች። ለሰላት ስሄድ ቁልፌን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ደንበኛ ሲመጣ ዋጋውንም ታውቀዋለች። አስራ አንድ ዓመት አንድ ሳንቲም ጎድሎብኝ አያውቅም። እሷ ከሄደች እኔም ሱቅ ዘግቼ ነው የምሰግደው።

ምዝገባውን ማንም እስኪጀምርልን አንጠብቅ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነይ። አንቺ ሴቶቹን ቁጠሪ፣ እኔ ቆጣሪዎቹን እቆጥራለሁ። አርክቴክቱም ያን ምሰሶ ያሳየን።