ሶላር ለመቀበል የተሰናዳ የንግድ ሕንፃ፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፣ ከደሴ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ሰላም ለሁላችን ይሁን፤ አሰላሙ ዐለይኩም።

ባለፈው ስብሰባ በተግባባነው መሠረት፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ የሚገነቡ የንግድ ሕንፃዎች ወደፊት ሶላር ሲገጠምላቸው ግድግዳ መስበርና ጣሪያ ማውረድ እንዳይኖር የሚያደርግ የጋራ ሐሳብ አዘጋጅተን ለከተሞቹ የግንባታ ፈቃድ ክፍሎች እናቀርባለን። ከወዲሁ ግልጽ ለማድረግ፣ ማንም አባል ዛሬ ሶላር ይግዛ አላልንም። የምንጠይቀው ሕንፃው ገና በአርማታና በብሎኬት ላይ ሳለ ቦታ፣ ቱቦና የብሬከር መቀመጫ እንዲተውለት ብቻ ነው።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ እንደከፈለ ታውቃላችሁ። በእኔ አስተያየት ሐሳባችን ምድብ ሐን፣ ማለትም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉትንና ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች፣ እንዲሁም ከምድብ ለ ሱቅና ቢሮ ያለባቸውን ፎቆች ቢመለከት ይበቃል፤ የመኖሪያ ቤቱን ጉዳይ ከዚህ ጋር ብንቀላቅለው ሥራው ይበተናል። በመነሻ ረቂቁ ያስገባሁት ሦስት ነገር ነው፤ ከጣሪያ እስከ ቆጣሪ ክፍል የሚወርድ ባዶ ቱቦ፣ በዋናው ማከፋፈያ ቦርድ ላይ የሚተው ቦታ፣ እንዲሁም ለፓኔል የሚጠበቅ የጣሪያ ስፋት። የጎደለውን ጨምሩ፤ የበዛውን ቀንሱ።

የሕንፃ ባለቤት፣ ከደሴ ፒያሳ

ረቂቁ መልካም ነው፤ ይሁንና ለምን እንደሚያስፈልግ በመግቢያው አልተነገረም። በእኛ አካባቢ ነጋዴው ሶላርን የሚያስበው የወር ክፍያውን ለመቀነስ ሳይሆን መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም ነው። በእኔ ሕንፃ ምድር ቤት ያለው ካፌ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩን እግረኛ መንገዱ ላይ አውጥቶ ያስነሳል፤ ጭሱ በደረጃው ሽቅብ እየወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ክሊኒክ በጠራራ ቀን መስኮቱን ዘግቶ ይሠራል። ሶላር ሲገጠም ይህ ሁሉ የሚቀር ከሆነ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ በጉልህ ይጻፍ እላለሁ።

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አባል፣ ከኮምቦልቻ

ጋሼ ያነሱት ጉዳይ የሐሳባችን አስኳል ነው፤ ነገር ግን ባሉት አኳኋን ብንጽፈው ሰው ያሳስታል። ኢንቨርተር የፓኔሉን ቀጥተኛ ጅረት ሕንፃው ወደሚጠቀምበት ተለዋጭ ጅረት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ባትሪ ሳይኖረው ከመስመሩ ጋር ተያይዞ የሚሠራው ዓይነት መብራት ሲጠፋ እርሱም አብሮ ይጠፋል። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ መከላከያ ነው፤ ከጣሪያችን የሚመነጨው ኃይል ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ ቢወጣ፣ መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ጣሪያው ሙሉ ፓኔል ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሊጨልም ይችላል። መብራት ሲጠፋም የሚሠራው ባትሪ ያለውና ሕንፃውን ከመስመሩ ለይቶ ማቅረብ የሚችል ኢንቨርተር ነው፤ እርሱም ቢሆን ሕንፃውን በሙሉ እንዲሸከም ከተጠየቀ የባትሪው ዋጋ አይቻልም።

ዛሬ ልናደርገው የምንችለው ትልቁ ዝግጅት፣ በእኔ እምነት ከቱቦውም የሚበልጠው፣ የማይቋረጠውን ጭነት፣ ማለትም መብራት ሲጠፋም መሥራት ያለባቸውን ዕቃዎች፣ ከሌላው መለየት ነው። ማቀዝቀዣ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ፣ የደረጃ መብራት፣ ኢንተርኔትና የመሳሰሉት በአንድ ንዑስ ቦርድ ይሰብሰቡ፤ ምጣድ፣ የውኃ ማሞቂያና ሊፍት በሌላው ይቅሩ። በአዲስ ሕንፃ ይህ ንድፍ ላይ መስመር ከመለወጥና አንዲት ትንሽ ቦርድ ከመጨመር የዘለለ ወጪ የለውም። አገልግሎት ላይ በዋለ ሕንፃ ግን እያንዳንዱን መስመር በግድግዳ ውስጥ መፈለግ ይጠይቃል፤ በአንድ ሕንፃ ይህንኑ ስንሠራ ሁለቱን ማቀዝቀዣዎች ከምጣዱ መስመር ለመለየት ብቻ የሦስት ክፍል ጂፕሰም ማውረድ ግድ ሆኗል። ጄኔሬተሩም ቢሆን ኋላ በዚሁ ንዑስ ቦርድ በኩል በቼንጅ ኦቨር (የኃይል ምንጭ መቀያየሪያ) እንዲገባ ከታሰበ፣ ሶላሩና ጄኔሬተሩ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ከወዲሁ ሥርዓት ይያዛል።

ሁለተኛው ባስባሩ፣ ማለትም በቦርዱ ውስጥ ኃይሉን ለብሬከሮቹ የሚያከፋፍለው የመዳብ ዘንግ ነው። ረቂቁ «ቦታ ይተው» ብሎ አልፎታል፤ ባዶ የብሬከር ቦታ ግን ብቻውን አይበቃም። 250 አምፔር በሚችል ባስባር ላይ 250 አምፔር ዋና ብሬከር ተገጥሞ ከሶላር ተጨማሪ 50 አምፔር ቢገባ፣ ጭነቱ በበዛ ሰዓት መዳቡ ከአቅሙ በላይ ሊሸከምና አንድም ብሬከር ሳይወርድ ሊግል ይችላል። ዋናው ብሬከርና የሶላሩ ብሬከር ተደምረው ከባስባሩ አቅም እንዳይበልጡ ይጻፍ። ዋናው 200፣ ባስባሩ 250 ከሆነ ለሶላር 50 አምፔር ይተርፋል፤ ይህም በ400 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ወደ 34 ኪሎ ዋት ነው፤ ለመካከለኛ ፎቅ ከበቂ በላይ።

ሦስተኛው በተለይ የደሴ ሰዎችን ይመለከታል። የዝቅተኛ ቮልቴጅ ቦርዶችና ብሬከሮች የሚሠሩባቸው የአይኢሲ (ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) ደረጃዎች መደበኛ የሚሉት ከፍታ እስከ 2,000 ሜትር ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ናት፤ ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በሳሳ መጠን ሙቀት የመውሰድም፣ ብልጭታ የመከልከልም አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብሬከሩ ላይ የተጻፈው አምፔር ደሴ ላይ እንዳለ አይወሰድም፤ አምራቹ ለከፍታው ያወጣው ቅናሽ ይታሰባል። ኢንቨርተርም እንዲሁ ነው። እዚያው ከፍታው ለፓኔሉ በጎ ጎን አለው፤ ፓኔል በሞቀ ቁጥር ምርቱ በየዲግሪው ከመቶ 0.3 እስከ 0.4 ስለሚወርድ፣ የደሴ ብርድ ከእኛ ከኮምቦልቻዎች ሙቀት ይልቅ ይስማማዋል።

ኮንትራክተር አባል፣ ከደሴ

ስለ ጣሪያው እኔ ልጨምር። በከተማችን ብዙው ባለቤት ኋላ ፎቅ ልጨምር ብሎ በመጨረሻው ሶሌታ ላይ ፌሮ አስቀርቶ ይተወዋል። ያ ጣሪያ ዛሬ ጣሪያ ነው፤ ነገ ወለል ነው። ስለዚህ «የጣሪያ ስፋት ይጠበቅ» የሚለው አንቀጽ ለእንዲህ ያለው ሕንፃ ትርጉም እንዲኖረው ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ከደረጃው ጎን፣ ፎቅ ሲጨመር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሊቀጥል በሚችልበት ቦታ ይሁን፤ የፓኔሉ ማቆሚያም የሚፈታ ይሁን።

ክብደቱ ብዙ አያሳስብም። ባለ 550 ዋት ፓኔል ወደ 2.3 ሜትር በ1.1 ሜትር ስፋትና 28 ኪሎ ገደማ ክብደት አለው፤ ከነማቆሚያው በካሬ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ቢታሰብ ሶሌታው አይሰማውም። የሚያሰጋው ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ሲያነሳው ነው። ማሰሪያ ብሎኑ ከአርማታው ጋር አብሮ ካልተቀበረ ኋላ ውኃ መከላከያውን መብሳት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ በሐምሌ ከታች ያለው ተከራይ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ የሚከብደው ጥላ ነው። በጣሪያዎቻችን ላይ ሮቶ፣ ዲሽና የልብስ ገመድ በፈለጉበት ይቆማሉ። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አብዛኛውን ዓመት ወደ ደቡብ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን 3 ሜትር ከፍታ ያለው ሮቶ ወደ ሰሜን 2 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ በሰኔ ወደ ደቡብ የሚጥለው ግን ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲያውስ ሮቶው በጣሪያው ሰሜናዊ ጠርዝ ይቀመጥ፤ ምንም አያስወጣም። የደሴው የጦሳ ተራራ ጥላ ግን በእጃችን አይደለም፤ ከተራራው ሥር ያሉ ሕንፃዎች ከሰዓት በኋላ የሚያጡትን ፀሐይ በስሌታቸው ውስጥ ያስገቡ። የበረዶውን ፍራቻ በተመለከተ፣ ፓኔሎች በደረጃው መሠረት የሚፈተኑት 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው በረዶ ነውና፣ የደሴን በረዶ የሚያውቅ ሰው ሲገዛ ከዚያ የሚበልጥ ፈተና ያለፈውን ይጠይቅ።

የሕንፃ ባለቤት፣ ከወልድያ

ወንድሞቼ ስለ ቦርድና ስለ ጣሪያ ብዙ ብለዋል፤ ስለ ቆጣሪ ግን ማንም አላነሳም። በእኔ ሕንፃ እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ቆጣሪ አለው፤ ሂሳቡንም የሚከፍለው ተከራዩ ነው። በእኔ ስም ያለው የውኃ ፓምፑን፣ የደረጃውን መብራትና የጥበቃውን ክፍል የሚያበራው የጋራ ቆጣሪ ብቻ ነው። ታዲያ በእኔ ገንዘብ የተገጠመ ሶላር በማን ቆጣሪ በኩል ይገባል? ተከራዩ ከእኔ ሶላር ተጠቅሞ የሚከፍለኝስ በምን ልኬት ነው? ይህ ሳይታሰብ ቱቦ ብቻ ቢቀበር ቱቦው ባዶውን ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ።

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አባል፣ ከኮምቦልቻ

እትዬ ያነሱት ትክክል ነው፤ ረቂቁ መስተካከል አለበት። የመጀመሪያው ሶላር በጋራ ቆጣሪው ላይ ብቻ ይታሰብ። 10 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 18 ያህል ፓኔል፣ ከነመተላለፊያው ወደ 65 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይወስዳል፤ በደህና የበጋ ቀን 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫል። የውኃ ፓምፑ ቀን እንዲሠራ ከተደረገ ሮቶው ራሱ እንደ ባትሪ ያገለግላል። ለሱቆቹ ደግሞ በቆጣሪ ክፍሉ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቆጣሪ በኋላ ለንዑስ ቆጣሪ የሚሆን የግድግዳ ቦታ ይተው። ትርፍ ኃይል ወደ መስመሩ መልሶ መሸጥን በሐሳባችን ውስጥ አናስገባ፤ ስሌታችን ሁሉ በሕንፃው ውስጥ በሚበላው ይመሥረት። ከመስመሩ ጋር የሚደረግ ማንኛውም ግንኙነት ግን በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ፈቃድ መሆን አለበት።

አንድ ያልተነሳ ነገር ላንሳ፦ ኢንቨርተሩ የት ይቀመጥ? ከፓኔል የሚወርደው ቀጥተኛ ጅረት እስከ 1,000 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ ፀሐይ እስካለች ድረስም በቦርዱ ብሬከር አይጠፋም። በሱቆች ጂፕሰም ውስጥ ይህን ማሳለፍ አልመክርም። ኢንቨርተሩ ከደረጃው አናት ላይ ባለው ክፍል፣ ጥላና አየር ባለበት ይሁን፤ ወደ ታች የሚወርደው ተለዋጭ ጅረት ብቻ ይሁን። የፓኔሎቹ ብረት የሚታሰርበት የመሬት መስመርም ከሕንፃው መሬት ጋር አንድ ሆኖ እስከ ጣሪያ ይዝለቅ፤ ለብቻው ዘንግ ቀብሮ መተው በመብረቅ ጊዜ አደጋውን ያብሳል።

የሕንፃ ባለቤት፣ ከደሴ ፒያሳ

ተረድቻለሁ። «ጄኔሬተር ይቀራል» የሚለውን ትቼ «የማይቋረጥ ጭነት ይለይ» የሚለው በመጀመሪያው አንቀጽ ይግባ። ከደረጃው አናት ላይ ያለው ክፍል ግን በእኔ ሕንፃ የጥበቃው መኝታ ነው፤ ኢንቨርተርና ሰው አብረው አይደሩ።

ሰብሳቢ፣ ከደሴ

አብሽሩ፣ ለጥበቃው ሌላ ክፍል ይፈለጋል። እስካሁን በተባለው መሠረት አንቀጾቹን እንዲህ አስተካክያለሁ።

«በአዲስ የንግድ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ንድፍ ላይ የማይቋረጥ ጭነት በተለየ ንዑስ ቦርድ ይታይ። የዋናው ቦርድ ባስባር አቅም ከዋናው ብሬከርና ለሶላር ከተያዘው ብሬከር ድምር እንዳያንስ። ከደረጃው አናት ካለው የመሣሪያ ክፍል እስከ ቆጣሪ ክፍል፣ አንዱ ለኃይል አንዱ ለመረጃ የሚሆኑ ሁለት ባዶ ቱቦዎች የመጎተቻ ሽቦ ገብቶባቸው፣ ጫፋቸው ተደፍኖ ምልክት ተጽፎባቸው ይቀመጡ። የውኃ ታንከር በጣሪያው ሰሜናዊ ጠርዝ ይሁን፤ የፓኔል ማሰሪያ ከውኃ መከላከያው ሥራ በፊት ይቀበር። የመሬት መስመር እስከ ጣሪያ ይዝለቅ። በቆጣሪ ክፍሉ ለንዑስ ቆጣሪዎች ቦታ ይተው።»

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይኸውም በደሴ ለሚገጠሙ ቦርዶች አምራቹ ለከፍታው ያወጣው የቅናሽ ሰንጠረዥ ከንድፉ ጋር እንዲያያዝ እናስገድድ ወይስ እንምከር የሚለው ነው። ማስገደዱ ዕቃ አቅራቢዎችን ያስቸግራል የሚል አስተያየት በስልክ ደርሶኛል። እኔ ወደ ማስገደዱ አዘነብላለሁ፤ ሰንጠረዡን ማቅረብ ያቃተው አቅራቢ ዕቃውን ራሱ የማያውቀው ነውና። በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ እንለየዋለን፤ መሐንዲሳችን እስከዚያ ድረስ ንዑስ ቦርዱ ያለበትን አንድ የናሙና ንድፍ ሠርተው ቢያመጡልን የፈቃድ ክፍሎቹ ሐሳቡን በዓይናቸው ያዩታል።