የፊልማችን ቁልፍ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ አልሠራም አለ፤ ነገ ማታ ነው የሚታየው!

ጠያቂ፦ ለንደን ውስጥ በትንሽ በጀት የተሠራ ፊልም አርታኢ ነኝ። አከፋፋይ ስላላገኘን ሲኒማ ቤቶቹን ራሳችን እያነጋገርን ነው። ነገ ዓርብ የሚከፍትልን ሲኒማ ቤት ዲሲፒው (ለሲኒማ ቤት የሚላከው የፊልሙ ዲጂታል ቅጂ) ቢጫንም፣ የተመሰጠረውን ፊልም የሚከፍተውን ዲጂታል ቁልፍ ሰርቨሩ (ፊልሙን የሚያጫውተው ኮምፒውተር) እንዳልተቀበለው አሁን ደውሎ ነገረን። እባካችሁ ፍጠኑልኝ።

ሊቀ ፊልም፦ ከቁልፉ በፊት የዕድሜ ደረጃው ሊያሳስብዎት ይገባል። በብሪታንያ ፊልም እንዲታይ የመፍቀድ ሥልጣን የአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ1912 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የፊልም ደረጃ ቦርድ ውሳኔ ይከተላሉ። የቦርዱ ክፍያ ከፊልሙ ርዝመት ጋር ስለሚጨምር፣ አቅም የሌለው አዘጋጅ ምክር ቤቱን በቀጥታ ጠይቆ በዚያ ከተማ ብቻ ለማሳየት ፈቃድ ማግኘት ይችላል።

ቀልደኛው፦ ፊልሙ ያለበትን ዲስክ እንደገና ቀድታችሁ ላኩ። ካልሆነም ጠበል ይረጭበት።

ተጠራጣሪ፦ ለመሆኑ ማን ይሰርቅብናል ብላችሁ ነው የቆለፋችሁት? ያልተመሰጠረ ዲሲፒ ቁልፍ የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

የማሽን ክፍል፦ ቁልፉ፣ ማለትም ኬዲኤሙ፣ የሚወጣው በአንድ ሰርቨር ዲጂታል ሰርተፊኬት ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ለአንደኛው አዳራሽ የተዘጋጀው በሁለተኛው ፈጽሞ አይከፍትም። ፊልሙ የሚታይበትን አዳራሽና የሰርቨሩን መለያ ቁጥር ከሲኒማ ቤቱ ጠይቃችሁ ቁልፉን ላወጣላችሁ ድርጅት ላኩ፤ አዲሱ ቁልፍ ትንሽ ፋይል ስለሆነ በኢሜይል ይደርሳችኋል። ቁልፉ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓትም ተመልከቱ፤ በእንግሊዝ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር ምክንያት የአንድ ሰዓት ልዩነት ሊፈጠር ይችላል።

ጠያቂ፦ ትናንት ወደ ትንሹ አዳራሽ አዛውረውን ነበር። መለያ ቁጥሩን አሁኑኑ እጠይቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቀልደኛው፦ ለማንኛውም ዲስኩን እንደገና ብትቀዱት አይጎዳም።

ተጠራጣሪ፦ ከዲስኩ ጋር ምን ጠብ አለህ?

ሊቀ ፊልም፦ ሲኒማ ቤቶች የቀጣዩን ሳምንት መርሐ ግብር የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ ሰኞ ጠዋት፣ ከዓርብ እስከ እሑድ የተሸጠውን ትኬት አይተው ነው፤ ስለዚህ ወዳጆቻችሁ «በሚቀጥለው ሳምንት እናየዋለን» እንዳይሏችሁ። ለመሆኑ ከሲኒማ ቤቱ ጋር የተስማማችሁት ገቢውን በመቶኛ ለመካፈል ነው ወይስ አዳራሹን ተከራይታችሁ ነው? በኪራይ ከሆነ ትኬቱ ካልተሸጠ ኪሳራው የእናንተ ነው።